በማሚቱ አፍ

በርገን፣ ኖርዌይ
ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎና ለምወድዎ አጎቴ፣ ለጋሼ ሰይፈ ሥላሴ፤

የላሊበላ አድባራት ሁሉ ይጠብቁዎት። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ከተማውስ? እንግዳ መምጣት ጀመረ ወይስ አስጎብኚው ሁሉ አሁንም በየበረንዳው ተቀምጦ መንገድ መንገዱን ያያል? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ዝናብ ነው፤ በርገን በጋና ክረምት አይለይም። በዝናቡ ውስጥ የከተማ ባቡሬን እየነዳሁ እውላለሁ። ባለቤቴ ምስጋኑም ደህና ነው፣ እጅ ይነሣል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ የምጽፍልዎ በቃል ስናገረው ስለማፍር ነው። የምጠይቅዎ ነገር የትልቅ ሰው ጉዳይ አይመስልም።

ልጅ ሳለሁ ለጥርስ ሕክምና በበጎ ፈቃድ የመጡ ፈረንጆች ነበሩ። ሥራ ሲጨርሱ የሆቴሉ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ከበው፣ ያንን ባለ ሃያ ፊት ዳይስ እየጣሉ ይጫወቱ ነበር፤ እርስዎም አብረው። እኔ ከወንበርዎ ሥር ተቀምጬ እሰማ ነበር። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ «ከፊታችሁ ገደል አለ፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ሌላው ደግሞ የራሱን ሰው ፈጥሮ በዚያ ሰው አፍ ይናገራል። ይሳካለት አይሳካለት ዳይሱ ይፈርዳል። እርስዎ አባ መብረቅ የሚባል ጎራዴኛ ነበሩ። እቤት ስንገባ እናቴ «የቤት አባወራ ይሄን ይጫወታል?» ብላ ስትቆጣዎ ትዝ ይለኛል።

አሁን እኔ እሑድ እሑድ በኢንተርኔት ተራኪ ሆኛለሁ። በአማርኛ ነው የምንጫወተው። ነሲባ የምትባል የደሴ ልጅ አለች፣ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። አዳም ደግሞ ተማሪ ነው፣ ከአዲስ አበባ ይገባል። ሦስተኛ ሰው ጎደለን። ደንቡ ቢጠፋዎ ግድ የለም፣ ለጀማሪ የሚሆን ጠረጴዛ ነው። እርስዎም ሥራ ከቀዘቀዘ ወዲህ ዝምታ አብዝተዋል ይሉኛል፤ እኔም የቤት ሰው ድምፅ ናፍቆኛል። እባክዎ እሺ ይበሉኝ።

እናቴስ እንዴት ናት? ሠርጌን በሰው ስልክ ፎቶ ላይ ካየች ወዲህ የማለችው መሐላ እንደጸና ነው? አሁንም ስሜን አትጠራም? ቢከፋም ቢለማም ይንገሩኝ።

የእህትዎ ልጅ ትሕትና


ላሊበላ
ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለትሕትና፤

በሄድሽበት ሁሉ እግዚአብሔር ቀድሞሽ ይገኝ። ባቡርሽም ሐዲዱን አይሳት። እኔ ከጉልበቴ በቀር ጤና ነኝ። ይህን በእጄ ጽፌ ፎቶ አንሥቼ ነው የምልክልሽ። ጠረጴዛው ላይ ነሲባና አዳም ስለሚሰሙን፣ የቤት ነገር በደብዳቤ ይሁን።

እንግዲህ ገብቼ አየሁት። ትቶት ወደ ቆየው ነገር የሚመለስ ሰው ካልጀመረው ሰው ይብሳል። አዲሱ አለማወቁን ያውቃል፤ እኔ ግን አውቃለሁ ብዬ ገባሁ። ያኔ ዳይሱ በእጅ ይጣል ነበር፣ ጠረጴዛው ላይ ሲንከባለል የሰው ልብ አብሮ ይንከባለላል። ዛሬ ጣቴን ስልኩ ላይ አሳርፋለሁ፣ ቁጥር ይወጣል፣ አዳም «አንድ ነው የወጣብዎ ጋሼ» ይለኛል። አንድ! ከሁሉ የከፋው ቁጥር! አባ መብረቅ ተብዬ ገና ከፈረሴ ሳልወርድ ቦይ ውስጥ ወደቅሁ።

የዋሻውን ነገር ባላነሣው ደስ ይለኝ ነበር። አንቺ «የጨለማ ዋሻ በር ላይ ደርሳችኋል» ስትዪ እኔ ምን ላድርግ? በሕይወቴ የገባሁበት ዋሻ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን አለበት። ይምርሐነ ክርስቶስ ስንቱን እንግዳ ይዤ ገብቻለሁ! አፌም ልማዱን አልሳተም፤ «ጫማዬን አወልቃለሁ» አልኩ። ቀጥለሽ «ወለሉ መርዘኛ እሾህ ነው» አልሽ። ነሲባ ሳቋን መያዝ አቅቷት ማይኳን ዘጋች። ይኸውና እስካሁን አባ መብረቅ ያነክሳል።

ያም ሆኖ ደስ ብሎኛል። እሑድ እስኪደርስ ቀን እቆጥር ጀምሬያለሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ የምጠብቀው ነገር አገኘሁ፣ እግዜር ይስጥሽ።

እናትሽ ጤና ናት። ዓይኗም ቁጣዋም እንደ ድሮው ነው። ስምሽን አትጠራም፣ «ያቺ» ትላለች። ማግባትሽ አይደለም የቆጫት። «ሽማግሌ ሳይላክ! እኔ እናቷ ሳልጠየቅ! ሰውየው የባሕር ማዶ ሰው ቢሆን መንገዱ ራቀ ይባላል፤ የፍላቂት ልጅ! ከፍላቂት እኮ ሚኒባስ አለ!» ትላለች። መሐላዋን ታውቂዋለሽ፤ «ስሟን አልጠራም፣ ቃል አልለዋወጣትም፣ ይምርሐነ ክርስቶስ ምስክሬ ነው» ብላ በሰው ፊት ምላለች። ነፍሱን ይማረውና የአባትሽ፣ የመሪጌታ ሚስት ናትና መሐላዋን እንደ ቀላል ነገር አትጥለውም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የስልኬ ድምፅ ቤቱን ይሞላዋል፤ ግቢያችን ደግሞ ከእናትሽ ጋር አንድ ነው። የጆሮ ማዳመጫ ብትልኪልኝ መልካም ነበር።

አጎትሽ ሰይፈ ሥላሴ


በርገን
ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ፣ ለገናውም በደህና ያድርስዎ። ማዳመጫውን ለገና ላሊበላ ለሚሄዱ የዚህ ማኅበር አባላት ሰጥቻለሁ፤ በሆቴሉ በኩል ያገኙዎታል። የአባ መብረቅም እግር ይሽራል፣ እኔ ተራኪዋ ቃል እገባለሁ። ነሲባ ግን ጫማውን አልረሳችውም። መድኃኒት ቤቷ በር ላይ ሰው ሲቆም «ጫማ ይወልቅ?» ልል ምንም አልቀረኝም ብላኛለች።

እርስዎ ከገቡ ወዲህ ጠረጴዛችን ሞቅ ብሏል። አዳም እንኳ አንድ ቃል ተናግሮ የሚያርፈው ልጅ ከእርስዎ ጋር መከራከር ጀምሯል። ደንቡን ቀስ ብለው ይይዙታል፤ እኔም ስጀምር ስንት ወር ፈጅቶብኛል።

ባለፈው እሑድ ጀልባዋ ስትገለበጥ ስተርክ ከኋላዎ ሰው ሳለ። አጭር ሳል ናት፣ በነጠላ የታፈነች ትመስላለች። ማን ነበር?

ትሕትና


ላሊበላ
ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለትሕትና፤

የገናው በረከት ይድረስሽ፣ ለምስጋኑም እንዲሁ። መልሴ የዘገየው በልግመኛነት አይደለም። መጀመሪያ የገና እንግዳ ነበረ፣ ቀጥሎ ኔትወርክ ተቋረጠ፣ ኔትወርኩ ሲመጣ መብራት ሄደ። ሁለቱ የተገናኙበት እሑድ ነው ያገኘኋችሁ።

ማዳመጫው ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ጆሮዬ አልተስማማውም፣ ለአንድ ጎረቤት ሰጠሁት። ካላስቸገርኩሽ በእሱ ምትክ ስፒከር ላኪልኝ፤ ትንሽ ሆኖ ድምፁ ጠራ ያለ። ቃል ሳያመልጥ እንዲሰማ ነው። ለእኔ ጆሮ ነው።

ሳሉን በተመለከተ፣ ብርድ ነው፣ ሰው ይስላል።

ባለፈው እሑድ በጨዋታው የገዛሁት በቅሎ እንዴት ነው? ያንን ጢማሙን ነጋዴ አስለቀስኩት፤ አዳም እንኳ «ጋሼ ተካኑ» ብሎ መስክሮልኛል። ጀማሪ ጀማሪ ስትሉኝ ከርማችሁ አሁን ማን እንደሆንኩ ሳታዩ አልቀራችሁም።

እናትሽ ጤና ናት። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

አጎትሽ


በርገን
የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፤

እንደምን ሰነበቱ። ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ በቅሎ መግዛት አያውቁም። ያቺን የመጨረሻዋን በቅሎ ሲገዙ በአንድ ዓይኗ የማታይ መሆኗን ያወቁት እቤት ከደረሱ በኋላ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ታሪክ ነው።

አባ መብረቅ ግን ምን አደረገ? በመጀመሪያ ዋጋ አልጠየቀም፤ ስለ ሰውየው ልጆች ጤና ጠየቀ። ከዚያ የበቅሎዋን ከንፈር ገለጠ። ከዚያ ውኃ ስትጠጣ ልያት አለ። ዋጋ ሲነገረው ሳቀና ሄደ፤ ሄዶም አልተመለሰ፣ ነጋዴው ተከትሎ እስኪጠራው ድረስ። ይህ ኩልመስክ ገበያ ነው። ልጅ ሆኜ ቀሚሷን ይዤ ስከተላት ያየሁት ነው። እኔ በነጋዴው አፍ በተናገርኩ ቁጥር እርስዎ ዝም ይላሉ፣ ሹክሹክታ ይሰማል፣ ከዚያ ይመልሳሉ።

አጎቴ፣ እናቴ እዚያ ተቀምጣ ድምፄን እየሰማች ነው?

ያን እሑድ ጨዋታውን ቶሎ የዘጋሁት ኔትወርክ አስቸግሮኝ አይደለም። ምስጋኑ ከሥራ ሲገባ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ ነው ያገኘኝ። «ሰው ሞተ?» አለኝ ደንግጦ። «እናቴ በቅሎ ገዛችልኝ» አልኩት። እንደ እብድ አየኝ።

ስፒከሩ መንገድ ላይ ነው። ትልቁን ነው የላክሁት። እርስዎ ግን እንዳወቅሁ አይንገሯት፤ ካወቀች ትነሣለች፣ ከተነሣች ደግሞ ላትመለስ ትችላለች። እንደገና እንዳላጣት እፈራለሁ።

ትሕትና


ላሊበላ
መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ፤

በዚህ በጾም ወራት የአንቺም ዕንባ እንደ ጸሎት ይቆጠርልሽ። ልሸሽግሽ ሞክሬ ነበር፤ እናቷን ከምታውቅ ልጅ ግን አይሸሸግም።

ነገሩ የጀመረው የመጀመሪያው እሑድ ነው። ድምፅሽ ከስልኩ ሲወጣ ግቢው ተሻግሮ ሄደ መሰለኝ፣ ትንሽ ቆይታ ሰፌድ ይዛ መጣች። «እኔ ቤት ጨለማ ነው፣ ምስር ልልቀም» አለች። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ምስር ትለቅማለች። ያው አንዱ ምስር ነው። ተለቅሞ አልቆ መልሳ ትለቅመዋለች። እኔም አንድ ቀን አልጠየቅኋት። ማዳመጫውን ስታየው ፊቷ ጠቆረ፤ በማግስቱ ለጎረቤት ሰጠሁት።

አሁን ግን ሌላ መጣ። ከበቅሎው በኋላ «እኔም ልግባ» አለችኝ።

«መሐላሽስ?» አልኳት።

«እኔ ያቺን አላናግርም ነው ያልኩ። ያ ነጋዴ ያቺ ነው እንዴ? ጢም አለው ብላችሁ የለም?»

«የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ፣ እትዬ።»

«እኔም እኔ አይደለሁም። ሌላ ሰው ነኝ። ጨዋታው እንዲያ አይደል?»

ይህን እኔ ልፈርድ አልቻልኩምና ወደ ንስሐ አባቷ ወደ አባ ወልደ ሩፋኤል ወሰድኩት። መጥተው ተቀመጡ፣ ጨዋታውን ከነዳይሱ አስረዳኋቸው። ወደ እናትሽ ዞረው «አመተ ጊዮርጊስ፣ ስም ቢለወጥ ምላስ ይለወጣል ወይ?» አሏት። ቀጠሉና «በቁጣ የተማለ መሐላ መጠበቁ ነው ኃጢአቱ። ቀኖና ልስጥሽና ልፍታሽ ስልሽ ስንት ጊዜዬ?» አሏት።

«አይፈታ፣ አባቴ» አለች። «ሽማግሌ ሳይመጣልኝ ብፈታው፣ ያለ ወግ የሄደችውን ደግ አደረግሽ ማለቴ አይደለም ወይ?»

አባም «እንግዲያስ ተጫወቺ» አሉ። «ነገር ግን ስምሽን ብትለውጪም ሐሰት እንዳትናገሪ። በዚያች ሴት አፍ የምትናገሪው ሁሉ እውነት ይሁን፣ ይህን ከጠበቅሽ እግዚአብሔር የሚያደርገውን እናያለን።» ብለው ባርከውን ወጡ። ከበር መለስ ብለው ደግሞ «ያ ዋሻ ውስጥ ያለው ዘንዶ ምን ሆነ?» አሉኝ።

ሰውዋን ራሷ መርጣለች። ጎራዴኛ አልሆንም፣ አስማተኛማ እግዜር ያውጣኝ አለች። ማሚቱ ትባላለች፤ ከቆላ ጨው ጭና የምትመጣ እስላም ነጋዴ፣ ባሏ የሞተባት። «ለምን እስላም?» ብላት ኩልመስክ ገበያ የምታውቃት እንዲህ ያለች ሴት ነበረች። «እኔን ሰው ሊያታልል ሲመጣ አንድ ቀን ዝም ብላ አላየችም» አለችኝ።

ጾም ሳይፈታ አልጀምርም ብላለች። አንቺም እስከዚያ ልብሽን አጽኚ።

አጎትሽ ሰይፈ ሥላሴ


በርገን
መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፤

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ደብዳቤዎን ለምስጋኑ ጮክ ብዬ ሳነብለት ምስሩ ላይ ስደርስ አቃተኝ፣ የቀረውን እሱ ነው ያነበበው።

እሺ። ማሚቱ ትምጣ። ለነሲባና ለአዳም አዲስ ተጫዋች ትገባለች፣ ጀማሪ ናት፣ በትዕግሥት ያዟት ብያቸዋለሁ። ማን እንደሆነች አልነገርኳቸውም። ምን እንደማዘጋጅ ግን ግራ ገብቶኛል። ጭራቅ ላምጣባት? ወንበዴ? የትኛውም አያስፈራትም፤ የምፈራው እኔ ነኝ። እንዳላለቅስ ይጸልዩልኝ። ተራኪ ካለቀሰ ጨዋታው ይቆማል።

ሰሞኑን ከባቡር አውርደው ቢሮ አስገብተውኛል፤ ለጊዜው ነው፣ ምንም ክፉ ነገር የለውም፣ አያስቡ።

ትሕትና


ላሊበላ
ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለትሕትና፤

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን! እንኳን አደረሰሽ። የዳግማይ ትንሣኤውን እሑድ ግማሹን አንቺ ሰምተሻል። ግማሹን ያየሁት እኔ ነኝና እሱን ልጻፍልሽ።

ከቅዳሴ ስትመለስ ያጠበችውን ነጠላ ለበሰች። ለስልክ ነጠላ! ስፒከሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ እንግዳ የሚቀበል ሰው አቀማመጥ ነው። ሰፌዱ ጭኗ ላይ ነበር። አንቺ «ድልድይ አለ፣ በሩ ላይ አንዲት ወጣት ጠባቂ ቆማለች» ስትዪ ወደ እኔ ዞር አለችና «ያቺ ናት?» አለች በምልክት። አዎ አልኳት።

«ማን ነሽ? ከየት ነሽ?» አልሽ።

ወደ ስፒከሩ ጠጋ አለች። ከዚያ ጮኸች፤ ኖርዌይ ሩቅ ስለሆነ ይመስለኛል። «ማሚቱ ነኝ! ከቆላ! ጨው ይዤ ነው!»

«ለማለፊያ ምን ትሰጪኛለሽ?»

«ምርቃት።»

አዳም ሳቀ። «ምርቃት አይበላም» አልሽ አንቺ።

«እንዲያውስ አንቺ ምሳ በልተሻል?»

ይህ ጥያቄ በእናትሽ ልብ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተቀመጠ እኔ ነኝ የማውቀው። «አልበላሁም» አልሽ፤ እውነትሽን መሆኑም ከድምፅሽ ታወቀ።

«ድልድይ የሚያስጠብቅ ሰው አያበላም? ባል የለሽም?»

«አለኝ።»

«ሽማግሌ ልኮ ነው ያገባሽ?»

ሰፌዱን በሁለት እጇ ያዘችው። ነሲባ «አብሽሪ እናቴ» ልትል ጀምራ ተወችው፣ የገባት ይመስለኛል። አንቺ እስክትመልሺ ኔትወርኩ እንዳይሄድ ስንቱን ቅዱስ ጠራሁ!

«አልላከም» አለች ጠባቂዋ። «ሊልክ ነበር። የመኖሪያ ወረቀቱ እያለቀ ነው፣ ካልተፈራረማችሁ ይመለሳል አሉን። አገር ቤት ብንደውል መስመር የለም፤ ያኔ በጦርነቱ ስልኩ ሁሉ ተቆርጦ ነበር። ደወልን፣ ጠበቅን፣ ደወልን። ቀኑ አለቀብንና ፈረምን። መስመሩ ሲመለስ ከእኔ ድምፅ የሰው ፎቶ ቀደመ። ከዚያ ወዲያ እናቴ አላነሣችልኝም።»

በዚህ መሐል አዳም ፈራ ተባ እያለ «እዚህ ጋ ዳይስ ይጣላል?» አለ። እናትሽም «ዝም በል አንተ ልጅ፣ ሰው እያወራ!» አለችው። ያቺ ማሚቱ ሳትሆን ራሷ ነበረች።

«ይህን እናትሽ ታውቃለች?» አለች ቀጥላ።

«የሚነግርልኝ አጣሁ።»

«እንግዲያ እኔ ስሻገር እነግራታለሁ። አንቺ ግን ለባልሽ ንገሪው። ሽማግሌ ዘገየ ተብሎ አይቀርም። ያገባም ቢሆን ይልካል፣ የወለደም ቢሆን ይልካል። ወላሂ ይላክ!»

የመሪጌታ ሚስት ወላሂ ስትል አባ ወልደ ሩፋኤል በር ላይ እንዳይኖሩ ዞሬ አየሁ። ነሲባ ግን «ወላሂ!» ብላ አጸናችላት።

ከተዘጋ በኋላ አልተነሣችም። «መስመር አልነበረም ወይ ያኔ?» አለችኝ።

«አልነበረም። አንቺም ታውቂያለሽ፣ እዚሁ አብረን ነበርን።»

«እኔ እኮ እንዲህ ብላ እንድትነግረኝ ነበር የጠበቅሁ።»

«መቼ አስነገርሻት፣ እትዬ? እኔስ ልነግርሽ ስጀምር መቼ ሰማሽኝ?»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔም ከመሪጌታ ቀብር ወዲህ እንዲያ ስታለቅስ አላየኋትም። አሁን ኳሱ በእናንተ ሜዳ ነው፤ ምስጋኑ ይስማ።

አጎትሽ ሰይፈ ሥላሴ


በርገን
ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፤

ምስጋኑ የዚያኑ ዕለት አባቱ ጋ ፍላቂት ደወለ። አባቱ ነገሩን ሰምተው «እኔስ የምሄድበት ፊት አጥቼ ነው የከረምኩ፤ ከላስታ ሰው ልጅ ወስደን ዝም ማለታችን ገበያ ላይ ያሳፍረኝ ነበር» አሉት። መንገዱ ክፍት ከሆነ ሁለት ሰው ይዘው በጋሸና በኩል ይመጣሉ። አጎቴ፣ እናቴ ሽማግሌውን ብትመልስስ? ጨዋታ ላይ ይላክ ማለትና እውነተኛ ሰው በር ላይ ቆሞ ማየት አንድ ነው? ይህ ካልሆነ ሌላ የምሞክረው የለኝም።

ያለፈውን እሑድ ያሳጠርኩት ስለደከመኝ ነው፣ ይቅርታ ይጠይቁልኝ። ልጽፍልዎ የጀመርኩት አንድ ወሬም ነበር። ግን ከእናቴ በፊት ለማንም አልናገረውም ብዬ ስለነበር ተውኩት።

ትሕትና


ላሊበላ
ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትሕትና፤

ስምሽን ጻፍኩት። ፊደሌ ቢወላገድ መሠረተ ትምህርት ነው ያስተማረኝ፣ እንዳትስቂ። ሰይፈ ልጻፍልሽ ቢለኝ እንቢ አልኩት። የሱ ደብዳቤ ወሬ ይበዛበታል።

ሽማግሌዎቹ መጡ። የምስጋኑ አባት፣ አንድ ቄስና አንድ አገር ያከበረው ሽማግሌ። በር ላይ ቆሙ፣ ተቀመጡ ብላቸው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ደስ አለኝ። ደስታዬን ግን ዋጥ አድርጌ «ዘመድ ላማክር» ብዬ መለስኳቸው። ሰይፈ ሊፈነዳ ምንም አልቀረው። ምን ላድርግ? በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚባል ልጅ ርካሽ ነው፣ የኔ ልጅ ደግሞ ርካሽ አይደለችም። ያን ሁሉ መንገድ ሄደው በሳምንቱ ተመለሱ።

ያን ቀን አባ ወልደ ሩፋኤል በእኔ ወገን ተቀመጡ። «ልጅዎን ለልጃችን» አሉ። «የትኛዋን ልጄን?» አልኩ። የምስጋኑ አባት ብልህ ሰው ነው፤ አየኝና «ስሟን እርስዎ ይንገሩን» አለ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። ከዚያ «ትሕትና» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ሁለቴ ደገምኩት፣ አንድ ጊዜ አልበቃኝም። «ልጄን ትሕትናን ለምስጋኑ ሰጥቻለሁ።» አባም እዚያው በሰው ፊት መሐላዬን ፈትተው ቀኖና ሰጡኝ። ስግደቱን እየሰገድኩ ነው፤ ለጉልበቴ አታስቢ።

የሽማግሌው መምጣት ብቻ እንዳይመስልሽ ግን ልቤን ያራራው። ከዐቢይ ጾም ወዲህ ስትተርኪ ትንፋሽ ያጥርሻል። ድሮ አንድ ወግ ከጀመርሽ ሳታቋርጪ ትጨርሺው ነበር፤ አሁን በየመሐሉ ውኃ ትጠጫለሽ። ወንበዴዎቹ ሥጋ ሲጠብሱ ስትዪ ድምፅሽ ተለወጠና ወሬውን ወደ ሌላ ወሰድሽው። ሰይፈ አጠገቤ ተቀምጦ ምንም አልገባውም። እኔ ግን ያን ሁሉ ወር የሰማሁት ጨዋታውን አልነበረም፣ አንቺን ነበር።

ሽማግሌው ገና ሳይመጣ ሌሊቱን ይህንን ሳስብ አደርኩ። የልጄን ስም ያልጠራ አፍ የልጄን ልጅ ስም እንዴት አድርጎ ይጠራል?

እሑድ ሩቅ ነው። ይህ ሲደርስሽ ደውዪ።

እናትሽ አመተ ጊዮርጊስ